ከሾአ የተረፉ አረጋውያንን ታሪክ እንዴት እንቅዳ? በአማርኛስ እንዴት እንተርከው?

በየዓመቱ የአይሁድ ፋሲካ አልፎ ዮም ሃሾአ ሲቃረብ ስልኬ ላይ ያው ጥያቄ ይመጣል። «ከእኛ በታች ያሉት ጎረቤታችን ከሾአ የተረፉ ናቸው። ታሪካቸውን ልቀዳላቸው እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ይላል አንዱ። ሌላዋ ደግሞ «ቤታችን ዚካሮን ባሳሎን ልናዘጋጅ ነው፤ እናትና አባቴ ግን ከኢትዮጵያ ስለመጡ ዕብራይስጡ ይከብዳቸዋል። በአማርኛ እንዴት ልንገራቸው?» ትላለች። ለእያንዳንዱ በድምፅ መልእክት ስመልስ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይቀርብኛል። ስለዚህ ሙሉውን እዚህ ጽፌዋለሁ።

ለማያውቅ ሰው፦ ሾአ የሚባለው ሆሎኮስት ነው። ናዚ ጀርመንና ተባባሪዎቿ 6 ሚሊዮን አይሁዶችን የገደሉበት ማለት ነው። ዮም ሃሾአ በእስራኤል የመታሰቢያው ቀን ነው። ዚካሮን ባሳሎን ደግሞ «ትዝታ በሳሎን» እንደማለት ነው። ከ2011 ጀምሮ እስራኤል ውስጥ የተስፋፋ ልማድ ሲሆን፣ ሰዎች በመታሰቢያው ቀን ሰሞን ሰው ቤት ተሰብስበው ምስክርነት ይሰማሉ፣ ይነጋገራሉ። እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶችና ወሮች፣ «በእኛ» ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ለተራፊዎች ካሳ የሚያስገኘው ድርጅት፣ ክሌይምስ ኮንፈረንስ፣ በ2024 መጀመሪያ ላይ ባወጣው መረጃ፣ በዓለም ላይ በሕይወት ያሉት የሾአ ተራፊዎች ወደ 245,000 ነበሩ፤ ግማሽ ያህሉ እስራኤል ውስጥ። ሁሉም ማለት ይቻላል በጦርነቱ ጊዜ ልጆች ነበሩ። ስለዚህ ፊታችሁ የተቀመጡት የ88 ዓመት አዛውንት ቢሆኑም፣ የምትቀዱት የሰባት ዓመት ልጅ ያየውን ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ስለ ሂትለር ፖለቲካ አያውቅም። የእናቱን ካፖርት ሽታ ግን ያውቃል። ጥያቄያችሁ ሁሉ ከዚህ ይነሳ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ስልክ። ደህና ስልክ በቂ ነው፤ ካሜራ መከራየት አያስፈልግም።
- ልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ይህን ግዙ። ምስል ቢደበዝዝ ይታለፋል። ድምፅ ካልተሰማ ግን ታሪኩ የለም።
- የስልክ ማቆሚያ ስታንድ።
- ቻርጀርና ፓወር ባንክ።
- በስልኩ ላይ በቂ ባዶ ቦታ። ጥራት ያለው ድምፅ በሰዓት ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ ቪዲዮ ደግሞ እንደ ስልኩ ከ4 እስከ 8 ጊጋባይት።
- ሁለት ሃርድ ዲስክ።
- ደብተርና እስክሪብቶ።
- የፈቃድ ወረቀት፣ ሁለት ኮፒ።
- ውሃ፣ ሶፍት፣ የባለታሪኩ የንባብ መነጽር። መነጽሩ የሚያስፈልገው መጨረሻ ላይ ፎቶ ሲያዩ ነው፤ ሁሌም ይረሳል።
- አንድ ረዳት። እሱ መሣሪያውን ያያል፣ እናንተ ዓይናቸውን ታያላችሁ። ሁለቱን አንድ ሰው ሊያደርገው አይችልም።

ክፍል አንድ፦ መቅዳት

ደረጃ 1፦ ከዚህ በፊት መስክረው እንደሆነ አጣሩ

ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ተቀድተዋል። በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ያለው የፎርቱኖፍ ማኅደር ከ1979 ጀምሮ የተቀዱ ከ4,400 በላይ ምስክርነቶች አሉት። ስቲቨን ስፒልበርግ በ1994 ያቋቋመው ሾአ ፋውንዴሽን ደግሞ ከ50,000 በላይ ሰብስቧል። ኢየሩሳሌም ያለው የሾአ መታሰቢያ ተቋም ያድ ቫሼምም የራሱ ትልቅ ክምችት አለው። ባለታሪኩን ወይም ልጆቻቸውን ጠይቁ። ካለ መጀመሪያ እሱን ቁጭ ብላችሁ ስሙ።

ለምን? ያን ቁስል እንደገና ከመጀመሪያው እንዲነኩት ማድረግ ተገቢ ስላልሆነ ነው። ያልተባለውን ብቻ ትጠይቃላችሁ። ያልተባለ ደግሞ ሁልጊዜ አለ። ከጦርነቱ በኋላ እንዴት እንደኖሩ፣ መጀመሪያ የተወለደውን ልጅ በማን ስም እንደጠሩት ብዙ ጊዜ ማንም አልጠየቃቸውም።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያውን ቀን ያለ መቅጃ ሂዱ

ቡና ጠጡ። ስለ ራሳችሁ ተናገሩ፤ ማን እንደሆናችሁ፣ ወላጆቻችሁ ከየት እንደመጡ። እነሱም ማን ቤታቸው እንደገባ ማወቅ አለባቸው። ከዚያ በደብተር ላይ እነዚህን ብቻ ጻፉ፦ ሙሉ ስም፣ ልጅ ሳሉ የሚጠሩበት ስም፣ የተወለዱበት ከተማ በዚያን ጊዜ ስሙ፣ የእናትና የአባት ስም፣ የወንድምና የእህት ስም፣ ከዚያ የነበሩባቸው ቦታዎች በቅደም ተከተል። የስሞቹን ፊደል ራሳቸው እንዲጽፉላችሁ አድርጉ።

ምክንያቱም በቀረጻው ቀን «ይቅርታ፣ ከተማዋ ማን ነበር ያሉኝ?» ብላችሁ ማቋረጥ የለባችሁም። በዚያች ሰከንድ የሚቋረጠው ሐሳብ ላይመለስ ይችላል።

በዚሁ ቀን ሁለት ነገር ጠይቁ። «ልናነሳው የማይፈልጉት ነገር አለ?» እና «በየትኛው ቋንቋ ሊናገሩ ይፈልጋሉ?» ሁለተኛው ቀላል ይመስላል እንጂ ትልቅ ነገር ነው። ብዙዎቹ ዕብራይስጥን የተማሩት ወደ እስራኤል ከመጡ በኋላ ነው። ልጅነታቸው በዪዲሽ፣ በሀንጋሪኛ፣ በሮማኒያኛ፣ በላዲኖ ወይም በሩሲያኛ ነው ያለው። ዴቪድ ቦደር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1946 አውሮፓ ሄዶ ወደ 130 የሚሆኑ ሰዎችን በሽቦ መቅጃ ሲቀዳ፣ እያንዳንዱ በፈለገው ቋንቋ እንዲናገር አደረገ። ዘጠኝ ቋንቋ ሆነ። እናንተም ቋንቋውን ባታውቁት እንኳ እናት ያለችውን ቃል፣ ወታደር የጮኸውን ትእዛዝ መጀመሪያ በተባለበት ቋንቋ እንዲሉት ጠይቁ። ትርጉሙ ከዚያ ይከተላል።

ስለ ቤተሰብም ተነጋገሩ። ልጃቸው ሳሎን ውስጥ መቀመጥ ከፈለገች፣ ባለታሪኩን ለብቻቸው ሆናችሁ «ይሻላል ወይስ አይሻልም?» በሏቸው። ልጅ እንዳያዝን ብለው የሚዘሉት ነገር አለ።

ደረጃ 3፦ ከተማዋንና መንገዱን አጥኑ

«የት አገር ተወለዱ?» ቀላል ጥያቄ አይደለም። ዛሬ በዩክሬን ያለችው ልቪቭ በኦስትሪያ ዘመን ሌምበርግ፣ በፖላንድ ዘመን ልቩፍ ነበረች። ዛሬ በሮማኒያ ያለችው ክሉዥ በሀንጋሪኛ ኮሎዥቫር ናት። ቪልኒየስን አይሁዶቹ ቪልና ነው የሚሏት፤ ካውናስን ኮቭኖ። ሰውየው ቤታቸው ሳይነቃነቅ ሦስት አገር ውስጥ ኖረው ሊሆን ይችላል። ከጦርነቱ በፊት የነበረውን የአውሮፓ ካርታ አትሙና ይዛችሁ ሂዱ።

ሌላው፣ ሾአ ማለት በጀርመን በተያዘችው ፖላንድ የነበረው ትልቁ ካምፕ፣ አውሽቪትዝ፣ ብቻ አይደለም። በሊቱዌንያ ብዙው ሰው ከሰኔ 1941 መጨረሻ ጀምሮ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ጫካ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ነው በጥይት የተገደለው። ከሮማኒያ በኩል በ1941 ወደ ትራንስኒስትሪያ የተነዱ አሉ፤ እነሱ በብርድ፣ በረሃብና በታይፈስ በሽታ ነው ያለቁት። በግሪክ የሳሎኒካ አይሁዶች ከመጋቢት 1943 ጀምሮ በባቡር ተጫኑ። የሊቢያ አይሁዶች በ1942 ጂያዶ ወደሚባል የበረሃ ካምፕ ተወሰዱ። ከሀንጋሪ በ1944 ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ብቻ ወደ 440,000 ሰው ተጫነ፤ አብዛኛው ወደ አውሽቪትዝ። በኔዘርላንድስ፣ በቤልጂየምና በፈረንሳይ በሰው ቤትና በገዳም የተደበቁ ልጆች አሉ። ወደ ሶቪየት ውስጠኛ ክፍል፣ እስከ ኡዝቤኪስታን ድረስ የሸሹም አሉ።

ይህን ካላጠናችሁ ተደብቃ የተረፈችን ሴት «የትኛው ካምፕ ነበሩ?» ትሏታላችሁ። እሷም «የእኔ ታሪክ አይቆጠርም ማለት ነው» ብላ ትዘጋባችኋለች። በተለይ ክንዳቸው ላይ ያለውን ቁጥር እንዲያሳዩ አትጠይቁ። እስረኛን በቁጥር የነቀሰው የአውሽቪትዝ ካምፕ ብቻ ነው፤ ከዚያ የመጡትም ሊያሳዩ ከፈለጉ ራሳቸው ያሳያሉ።

ጀርመን አገር ያለው የአሮልሰን ማኅደር 17.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን የሚመለከቱ ሰነዶች አሉት። በነፃ ኢንተርኔት ላይ በስም መፈለግ ይቻላል። ነገር ግን ያገኛችሁትን ሰነድ በቀረጻው ቀን ድንገት አውጥታችሁ አታሳዩአቸው። መጀመሪያ «አንድ ወረቀት አግኝቻለሁ፣ ማየት ይፈልጋሉ?» በሉ። ወረቀቱ ላይ የአባታቸው የሞት ቀን ሊኖር ይችላል።

ደረጃ 4፦ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ

ወረቀቱ አጭር ይሁን፤ እሳቸው በሚያነቡት ቋንቋ፣ በትልቅ ፊደል። ማን እንደሚሰማው፣ ኢንተርኔት ላይ ይወጣ ወይም አይውጣ፣ ስማቸው ይጠራ ወይም አይጠራ፣ ከሳቸው በኋላ ማን እንደሚወስን ይጻፍ። ሐሳባቸውን መቀየር እንደሚችሉም ይጻፍ። አንዱን ኮፒ ለሳቸው ተዉ። ታሪኩ የሳቸው ነው። እናንተ ጋ በአደራ ነው የሚቀመጠው።

ደረጃ 5፦ ክፍሉንና መሣሪያውን አዘጋጁ

ጠዋት ይሁን፤ ጉልበት ያለው ያኔ ነው። ሁልጊዜ የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ይቀመጡ። ፊታቸው ወደ መስኮት፣ ጀርባቸው ወደ ግድግዳ። ካሜራው በዓይናቸው ልክ ይሁን። ማዝጋኑን (የአየር ማቀዝቀዣውን) አጥፉ፣ የሚቆጥር የግድግዳ ሰዓት ካለ አስፈቅዳችሁ ከክፍሉ አውጡ፣ ቴሌቪዥኑን ከሶኬቱ ንቀሉ። ማይኩን ከአገጫቸው አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጋችሁ ልብሳቸው ላይ ሰኩ። ሐብል ካለ እንዳይነካው። የአንድ ደቂቃ ሙከራ ቅዱና በጆሮ ማዳመጫ ስሙት።

ማስጠንቀቂያ! ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ። አንድ ጊዜ ይህን ሳላደርግ ጀመርኩ። መሃል ላይ ስልክ ተደወለ፣ ቀረጻው ቆመ፣ እኔም አላየሁም። ከትራንሲልቫኒያ የመጡት እናት በዚያች ሃያ ደቂቃ ውስጥ ስለ ታናሽ ወንድማቸው ተናግረው ነበር። እንደገና ሊያነሱት አልፈለጉም፤ እኔም አልለመንኳቸውም። ስለዚያ ልጅ ዛሬ ያለው ደብተሬ ላይ የቀሩት አራት መስመሮች ናቸው።

ደረጃ 6፦ ጠይቁ፣ ከዚያ ዝም በሉ

መጀመሪያ በራሳችሁ ድምፅ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሁላችሁንም ስምና የቋንቋውን ዓይነት ተናገሩ። ፋይሉ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ወረቀቱ ጠፍቶ ለብቻው ሊገኝ ይችላል።

ከዚያ ከቤት ጀምሩ። ሾአ ፋውንዴሽን ጠያቂዎቹን ያሠለጠነበት ልክ ይረዳል፤ ከጊዜው አንድ አምስተኛው ከጦርነቱ በፊት ለነበረው ሕይወት፣ ሦስት አምስተኛው ለጦርነቱ፣ የቀረው አንድ አምስተኛ ከዚያ በኋላ ላለው። ሁለት ሰዓት ካላችሁ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ቤት ውስጥ ቆዩ ማለት ነው። ሰው ቸኩሎ ወደ ባቡሩ መድረስ ይፈልጋል። ነገር ግን ቤቱን ያላየ ሰው ምን እንደጠፋ አያውቅም።

የሚሠሩ ጥያቄዎች አጫጭርና የሚዳሰሱ ናቸው። «በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ምን ነበር?» «ዓርብ ማታ ምን ይበላ ነበር?» «እናትዎ ሲቆጡ በምን ስም ይጠሩዎት ነበር?» «ያን ቀን ምን ለብሰው ነበር?» «እጅዎን ማን ይዞ ነበር?» «ጎረቤቶቹ ምን አደረጉ?» «እናትዎ የሚዘፍኑልዎት ዘፈን ነበር?» ይህን የመጨረሻውን በፍጹም እንዳትዘሉት። ስም የረሳ ሰው ዜማ አይረሳም።

የማይሠሩትም አሉ። «ምን ተሰማዎት?» ሲባሉ «ምን ይሰማኛል ብለሽ ነው» ነው መልሱ፤ ልክ ናቸው። «ለምን አልሸሻችሁም?» ወቀሳ ነው። «እንዴት ቻሉት?» መልስ የለውም። ከሁሉ የሚሻለው ጥያቄ አንድ ቃል ነው፦ «ከዚያስ?»

አሁን የእኛን ነገር ልንገራችሁ። እኛ ስናዝን ከንፈር እንመጣለን። «ውይ!»፣ «አይዞዎት»፣ «እሰይ ተረፉ» እንላለን። እየሰማን ነው ለማለትም ትንፋሽ ወደ ውስጥ እንስባለን። እርስ በርሳችን ይህ ፍቅር ነው። ማይኩ ግን ሁሉንም ይይዛል፤ ከፖላንድ የመጡት ሰውዬም ከንፈር መምጠጡን መናቅ፣ ትንፋሹን መደንገጥ አድርገው ሊረዱት ይችላሉ። ደነገጠች ብለው ካሰቡ ደግሞ ለእናንተ አዝነው ታሪኩን ያሳጥሩታል። ስለዚህ ጭንቅላታችሁን በመነቅነቅ ብቻ መልሱ።

ዝም ካሉ ዝም በሉ። በልባችሁ እስከ ሃያ ቁጠሩ። ሃያ ሰከንድ እንዲህ ረጅም መሆኑን ያኔ ነው የምታውቁት። ከዝምታ በኋላ የሚመጣው ነገር ብዙ ጊዜ ያልተጠየቀው ነው። ሲያለቅሱ ውሃ አቅርቡና «እናቁም?» በሉ። ውሳኔው የሳቸው ነው። ቀጥል ካሉ ቀጥሉ።

ቀን ወይም ቦታ ቢሳሳቱ አታርሙ። ለምሳሌ ከአውሽቪትዝ የተረፉ ብዙ ሰዎች የካምፑ ሐኪም ዶክተር መንገሌ ራሱ፣ ማን ለሥራ ማን ለሞት እንደሚሄድ ለመለየት፣ ወደ ቀኝ ወደ ግራ እንደመደባቸው ይናገራሉ። ያን ሥራ የሚሠሩ ሌሎች ሐኪሞችም ነበሩ። ቢሆንም ያች ልጅ ያየችው ነጭ ጓንት ያደረገ መኮንን እውነት ነው፣ ከእናቷ መለየቷም እውነት ነው። ጥርጣሬውን በደብተራችሁ ጻፉና በማስታወሻ ላይ ይግባ። ድምፁ ውስጥ ክርክር አይግባ።

ከሁለት ሰዓት አይለፍ። ካላለቀ ሌላ ቀን አለ።

ደረጃ 7፦ ካምፑ ውስጥ ትታችኋቸው አትውጡ

የመጨረሻዎቹ ጥያቄዎች ወደ ዛሬ ያምጧቸው። መጀመሪያ የበሉት ዳቦ፣ መርከቡ፣ የመጀመሪያው ሥራ፣ ትዳር፣ የልጅ ልጆች። ከዚያ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ በካሜራው ፊት ይያዙና ማን ከማን ጋር እንደቆመ በስም ይናገሩ። ያልተነገረለት ፎቶ ከሳቸው በኋላ ስም የለሽ ነው።

መቅጃውን አጥፉና ወዲያው አትነሱ። ግማሽ ሰዓት ስለ ሌላ ነገር ተጫወቱ። ሌሊቱ እንቅልፍ የማይመጣበት ሊሆን ስለሚችል ልጃቸው ወይም ተንከባካቢያቸው ማታ አብረዋቸው እንዲሆኑ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። በነጋታው ደውሉ።

ደረጃ 8፦ በዚያው ቀን አስቀምጡ

ሦስት ኮፒ ይሁን፦ ሁለቱ በሁለት ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ኢንተርኔት ላይ። ከዲስኮቹ አንዱ ሌላ ሰው ቤት ይቀመጥ። እሳት ወይም ሌባ ሲመጣ ሁለቱንም አብሮ ነው የሚወስደው። የፋይሉ ስም ላይ ዓመተ ምሕረት፣ ወር፣ ቀንና ስም ይግባ። ዋናውን አትቁረጡ። ማሳጠር ካስፈለገ ኮፒውን። በዋትሳፕ መላክ ማስቀመጥ አይደለም፤ ጥራቱን ያወርደዋል።

ከዚያ በየአምስት ደቂቃው ምን እንደተባለ በሁለት መስመር ጻፉ። ሙሉውን መጻፍ ከቻላችሁ እሰየው። ያልተሰማችሁን ቃል ገምታችሁ አትጻፉ፤ «አልተሰማም» በሉና ደቂቃውን አስቀምጡ። አንድ ኮፒ ለቤተሰቡ ስጡ።

ባለታሪኩ የተገደሉ ዘመዶች ካሏቸው፣ ለያድ ቫሼም የሚላከውን «ዳፍ ኤድ» የተባለ የምስክርነት ቅጽ ሞልተው እንደሆነ ጠይቁ። አንድ ቅጽ ለአንድ ሰው ነው። ያድ ቫሼም እስካሁን 5 ሚሊዮን ያህል ስም ሰብስቧል፤ ያልተገኙት አሁንም ብዙ ናቸው። የሞተች ታናሽ እህታቸውን ስም የሚያውቁት ምናልባት እሳቸው ብቻ ይሆናሉ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ባትሪው 40 በመቶ ላይ እያለ መጀመር። ሦስት አራት ጠያቂ ሆኖ መግባት፤ ያ ፍርድ ቤት ይመስላል። ጥያቄ ከወረቀት ላይ ማንበብ። በዓረፍተ ነገር መሃል ገብቶ ቃል ማቀበል። ሕመማቸውን ከሌላ ሰው ሕመም ጋር ማወዳደር። «ሌላ ጊዜ እመጣለሁ» ብሎ መዘግየት፤ የዚህ ስህተት ማረሚያ የለውም።

ክፍል ሁለት፦ በአማርኛ መተረክ

ደረጃ 9፦ ለወላጆቻችሁ ተርኩላቸው

ባለታሪኩ ቤታችሁ መምጣት ከቻሉ እሰየው፤ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ሲናገሩ አቁመው እናንተ ትተረጉማላችሁ፣ እንደገና ይቀጥላሉ። ይህን ቀድማችሁ ተስማሙበት። መምጣት ካልቻሉ እናንተ ትተርካላችሁ፤ በፈቃድ ወረቀቱ ላይ ይህ መኖሩን አረጋግጡ።

ከሁለት ሰዓቱ ውስጥ አሥራ አምስት ደቂቃ ምረጡ። ሦስት ቦታ ብቻ፦ ቤቱ፣ የተለያዩበት ቀን፣ ነፃ የወጡበት ቀን። ሁሉንም ልንገር ያለ ሰው ምንም አያስጨብጥም። በመሃሉ አንድ ደቂቃ የራሳቸውን ድምፅ አሰሙ። ቋንቋው ባይገባም እናታችሁ ድምፁን ትሰማዋለች።

በ«እኔ» አትተርኩ። «እሳቸው እንዲህ ይላሉ» በሉ። የዓይን ምስክሩ እሳቸው ናቸው፣ እናንተ አቀባይ ናችሁ፤ ሰሚው ይህን መለየት አለበት። እዚህ ላይ ግን አማርኛችን ወጥመድ አለው። ለአክብሮት «ገቡ፣ ተደበቁ፣ ወሰዱ» ስንል ግሱ ከብዙ ሰዎች ግስ ጋር አንድ ነው። «በሩን ሰብረው ገቡ፤ ከአልጋው ሥር ተደበቁ» ብትሉ ማን ገባ? ማን ተደበቀ? ዕብራይስጡ ላይ ይህ ችግር የለም። ስለዚህ ባለቤቱን በየጊዜው ጥሩት፦ «ወታደሮቹ በሩን ሰብረው ገቡ። እሳቸው ከአልጋው ሥር ተደበቁ።» ቢደጋገምም ግድ የለም።

ቃላቱንም ቀድማችሁ አብላሉ። እኔ የተሰናከልኩባቸው እነዚህ ናቸው።

ካምፕ፦ በሱዳን በኩል ለመጣ ሰው ካምፕ ማለት ኡም ረኩባ ነው፤ የስደተኞች መጠለያ። «የማጎሪያ ካምፕ»፣ «ሰው ለመግደል የተሠራ ካምፕ»፣ «የግዳጅ ሥራ ካምፕ» ብላችሁ ለዩ።

ጋዝ፦ ለአያቶቻችን ጋዝ ማለት ላምባ ነው። «በጋዝ ገደሏቸው» ሲባሉ በእሳት ይመስላቸዋል። «የመርዝ ጋዝ» በሉ፤ የጣሊያንን ጦርነት ወሬ የሰማ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

በረዶ፦ ሰሜን ጎንደር ያደገ ሰው የሚያስበው ከዝናብ ጋር የሚወርደውን ጠጠር ነው። መሬት ላይ እስከ ጉልበት ተከምሮ ወራት የሚቆይ መሆኑን ተናገሩ። ያለዚያ ባዶ እግር መሄዱ ምን እንደሆነ አይታይም።

ባቡር፦ መቀመጫ ያለው ባቡር እንዳይመስል «ከብት የሚጫንበት ፉርጎ» በሉ።

ሰዓት፦ «በአራት ሰዓት ሌሊት መጡ» ካሉ በዕብራይስጥ፣ በእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። በዮም ሃሾአ ቀን ሳይረኑ የሚጮኸውም በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ ለሁለት ደቂቃ።

ዓመት፦ «1944» ብቻ አትበሉ። አባታችሁ የራሳቸውን የትውልድ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የሚያውቁት። የ1944 ግንቦት በእኛ 1936 ዓ.ም. ነው። «ጣሊያን ከአገር በወጣ በሦስተኛው ዓመት» ብትሉ ደግሞ የበለጠ ይያዛል። አውሽቪትዝ ነፃ የወጣበት ጥር 27 ቀን 1945 በእኛ ጥር 19 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው፤ ወሩ ስሙ አንድ ሆኖ ቀኑ እንደሚለያይ ልብ በሉ።

ትናንሽ ልጆች ካሉ ቀድማችሁ ለብቻ፣ በአጭሩ ንገሯቸው፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ መደበቁ፣ ስለ አዳነው ጎረቤት። ስለ ግድያው ዝርዝር ለሌላ ዕድሜ ይቆይ።

የሚጠየቁትንም ተዘጋጁበት። ከትራንሲልቫኒያ የመጡትን የእኒያን እናት ታሪክ ስተርክላት እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ወታደሮቹ አልነበረም። «ጎረቤቶቻቸውስ? ቡና አብረው የሚጠጡት? ዝም አሉ?» ነው ያለችኝ። ደረጃ 6 ላይ ስለ ጎረቤቶች ጠይቁ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። መልሱ ከባለታሪኩ አፍ ካልተቀዳ እናንተ ልትፈጥሩት አይገባም።

ትላልቆቹ ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ስለመጡበት መንገድ ማውራት ይጀምራሉ። አታስቁሟቸው፣ ግን ታሪኩ ካለቀ በኋላ ይሁን፤ መጀመሪያ የእንግዳው ምስክርነት ይፈጸም። በዚያ መንገድ ላይ ላለቁት ወገኖቻችን የራሱ መታሰቢያ ቀን አለ፣ ዮም የሩሻላይም። ያን ምሽት የተናገሩትን ስማቸውን ጽፋችሁ ያዙና፣ በሌላ ቀን በእነዚሁ ደረጃዎች ቅዷቸው።

ደረጃ 10፦ መልሱን ለባለታሪኩ አድርሱ

በነጋታው ደውሉ ወይም ሂዱ። ስንት ሰው እንደሰማ፣ ማን ምን እንደጠየቀ ንገሯቸው። የእናቴን ጥያቄ ለእኒያ እናት ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ አንዲት ጎረቤታቸው በአጥር በኩል ወተት ታቀብላቸው እንደነበር ነገሩኝ፤ በሁለት ቀን ቀረጻ ያልወጣ ነገር። ስለዚህ ስትሄዱ ማይኩን ቦርሳችሁ ውስጥ ያዙ፤ ባትሪውም የሞላ ይሁን።